ካርዱ ላይ 84 ያለው ልጅ የማትሪክ ጥያቄ ላይ 39 አመጣ፣ ትምህርት ቤት ልቀይርለት?

የአራዳዋ እህት

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል ግን እባካቹ ታገሱኝና የምታውቁትን ንገሩኝ፣ በተለይ መምህራን የሆናቹና ማትሪክ በቅርብ የወሰዳቹ።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ ናቹራል፣ እዚሁ አራዳ ውስጥ ያለ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ነው ሚማረው። ስሙን አልጠራም፣ መምህራኑን አውቃቸዋለሁ ጥሩ ሰዎች አሉበት፣ ደግሞ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይመስለኝም። ቤተሰቦቻችን ክፍለ ሀገር ስለሆኑ እኔ ጋር ነው ያደገው፣ ወላጅ ሲጠራ ምሄደው እኔ ነኝ፣ ካርድ ምፈርመውም እኔ ነኝ።

የ11ኛ ክፍል ካርዱ አማካይ 84 ነው። ሒሳብ 81፣ ፊዚክስ 86፣ ባዮ 90። ካርዱን ያየ ሰው ሁሉ ጎበዝ ልጅ ነው ይላል፣ እውነትም ጎበዝ ነው፣ ክፍል አይቀርም፣ ደብተሩን ብታዩት ንጹህ ነው። ክረምት ላይ ማጠናከሪያ ሲገቡ ግን መምህራኑ ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄ አሰባስበው ልክ እንደ እውነተኛው አርገው ፈተኗቸው፣ ስልክ ተሰብስቦ፣ አራርቀው አስቀምጠው፣ ሰዓት ይዘው። ከ100 39 አመጣ። ሒሳብ ብቻውን 31። እሱ ደግሞ ከክፍሉ ከተሻሉት ውስጥ ነው፣ 20ዎቹ ውስጥ የቀሩ ብዙ ናቸው አለኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ልጁ ዝም ብሏል። "እና እስካሁን ምን ስማር ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ምመልስለት አጣሁ።

ሰፈራችን ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በሩ ላይ ያሳለፋቸውን ተማሪዎች ፎቶ በትልቅ ባነር ሰቅሏል፣ ሄጄ ጠየኳቸው፣ 12ኛ ላይ ዝውውር እንቀበላለን ግን ቶሎ ወስኚ አሉኝ። ክፍያው የደሞዜን ሲሶ ይወስዳል፣ ካስፈለገ ከሆዴም ቢሆን ቀንሼ እከፍላለሁ፣ ጭንቀቴ እሱ አይደለም።

ማወቅ ምፈልገው 84 እና 39 እንዴት የአንድ ልጅ ውጤት ይሆናል፣ የቱን ነው ማምነው? ትምህርት ቤት ብቀይርለትስ ይጠቅመዋል ወይስ ብሬን ነው ምጥለው? ከአሁን እስከ ፈተናው ድረስስ በቤት ውስጥ ምን ሊሰራ ይችላል? እኔ ራሴ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፣ ፊዚክስ ላስጠናው አልችልም።


የሒሳብ መምህር

እህቴ በቅድሚያ ልጁን አረጋጊው። እኔ የመንግስት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፣ 11 እና 12 ሒሳብ ነው ማስተምረው፣ ይሄ የጻፍሽው ነገር በየዓመቱ ፊቴ ላይ ሚመጣ ነገር ስለሆነ ዘርዘር አርጌ ልመልስልሽ።

ሁለቱም ውጤት የሱ ነው። ሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። የክፍል ማርክ የሚሰበሰበው ከቴስት፣ ከአሳይመንት፣ ከግሩፕ ወርክ፣ ከደብተርና ከፋይናል ነው። ቴስቱን ማወጣው እኔ ነኝ፣ ማወጣውም አሁን ከጨረስኩት ምዕራፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቦርድ ላይ የሰራሁትን ቁጥሩን ቀይሬ ነው። አሳይመንቱን አንድ ልጅ ይሰራዋል ሌላው ይገለብጠዋል። ፋይናል ላይ አንድ ዴስክ ላይ ሶስት ሆነው ነው ሚቀመጡት፣ ቦታ የለማ የት ላስቀምጣቸው። በዛ ላይ መምህሩ ላይ ጫና አለ፣ ግማሹን ክፍል ከጣልክ ለምን ጣልክ ተብለህ ቢሮ ምትጠራው አንተ ነህ፣ ያኔ ሁለት ሶስት ማርክ እየጨመሩ ማሳለፍ ይለመዳል። ማትሪክ ግን ከ9 እስከ 12 ያለውን ቀላቅሎ፣ የየት ምዕራፍ እንደሆነ ሳይነግርሽ፣ ጎንሽ ማንም በሌለበት ነው ሚጠይቅሽ። ወንድምሽ ካርዱ ላይ 84 ያመጣው ትምህርቱን ተከታትሎ ነው፣ እሱን ማንም አይወስድበትም፣ ግን ያ ቁጥር የ9ኛ ክፍሉ ሒሳብ ዛሬም እጁ ላይ አለ ወይ ሚለውን አይነግርሽም።

ይሄ የሀገሪቱ ሁሉ ታሪክ ነው። እስከ 2013 ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ነበር ሚሰጠው። በ2014 ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እንዲፈተን ሲደረግ ወደ 897 ሺ ልጅ ተፈትኖ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ሆነ፣ 3.3 ፐርሰንት። 2015 ላይ 3.2፣ 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ ደግሞ 8.4። እየጨመረ ነው ግን አሁንም ከ100 ልጅ 92ቱ ገደማ ከ50 በታች ነው። እነዚህ ሁሉ ልጆች 11ኛን አልፈው ነው እዛ የደረሱት፣ ሁሉም ቤታቸው "አለፈ" ሚል ካርድ አላቸው።

አሁን 39ኙን እንየው፣ እዚ ጋር ልብ በዪኝ። ጥያቄው ምርጫ ነው፣ አራት ምርጫ ካለው ምንም ሳያነብ ዝም ብሎ ያጠቆረ ልጅ እንኳን ወደ 25 ያገኛል። ስለዚህ 39 ያመጣ ልጅ 39ኙን አያውቅም። ከ100 ጥያቄ ወደ 19ኙን አውቆ ሰርቶ የቀረውን 81 ቢገምት ከግምቱ 20 ያገኛል፣ ድምሩ 39። 50 ለማምጣት ደግሞ 34 ያህሉን አውቆ መስራት አለበት፣ ከቀረው 66 በግምት 16 ይመጣለታል። ከ19 ወደ 34 ማለት ነው። ሰፊ ነው ግን ባህር አይደለም፣ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሒሳቡ ነው ሚያስፈራኝ፣ 31 ማለት በዚህ ስሌት ከ100 ስምንቷን ብቻ ነው በእርግጠኝነት ሚያውቀው።

በዛ ላይ ጥያቄ አውጪዎቹ ምርጫውን ዝም ብለው አይደረድሩም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ለሱም አሳዪው። "ሎግ ኤክስ ሲደመር ሎግ (ኤክስ ሲቀነስ ሁለት)፣ ቤዛቸው 2፣ እኩል ይሆናል 3፣ ኤክስ ስንት ነው?" ልጁ ሁለቱን ሎግ አንድ አርጎ ውስጣቸውን ያባዛዋል፣ ኳድራቲክ ይሆናል፣ ፋክተር ያረገዋል፣ 4 እና ኔጌቲቭ 2 ያገኛል። ምርጫው ውስጥ "4 እና ኔጌቲቭ 2" ሚል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ደስ ብሎት ያጠቁረዋል። መልሱ ግን 4 ብቻ ነው፣ የኔጌቲቭ ቁጥር ሎግ የለማ። ስራውን 95 ፐርሰንት አውቆታል፣ ማርኩ ግን ዜሮ ነው። ክፍል ውስጥ ግን እኔ ለሂደቱ ከ5 4 እሰጠው ነበር። ከ84 እስከ 39 ያለው ክፍተት አንዱ ክፍሉ እዚች ጋር ነው ያለው።

አሁን እንድታረጊ ምፈልገው አንድ ነገር አለ። ያን የፈተና ወረቀት ይዛቹ ቁጭ በሉና የሳታቸውን ጥያቄዎች ሶስት ቦታ ይክፈላቸው፣ ጭራሽ የማያውቀው፣ ጀምሮት የተበላሸበት፣ የሚያውቀውን ግን ጥያቄውን በትክክል ሳያነብ የሳተው። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅብሽም፣ ዝም ብለሽ ጠይቂው፣ ራሱ ያውቀዋል። ከዛ መልሰሽ ጻፊልኝ።


የመርካቶ ልጅ

ከመምህሩ ጋር በብዙ ነገር እስማማለሁ ግን እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ፣ ምክንያቴን ልናገር።

አዋዋል ሚባል ነገር አለ። በ2017 ብቻ 1,249 ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላሳለፈም፣ በዛው ዓመት ያስፈተኑትን በሙሉ ያሳለፉ 50 ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድ ፈተና ነው፣ አንድ ካሪኩለም ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ማለፍ ይቻላል ብሎ ሚያስብ ልጅ አልነበረም፣ ከኋላ ወንበር ያለው ኮብልሎ ፑል ቤት ነው፣ ሚያጠናው ልጅ "ቀለሜ" እየተባለ ይፎገራል። አንድ ጎበዝ ልጅ እዛ መሀል ብቻውን ሲታገል ይደክመዋል። ታናሽ እህቴ ግን ሌላ ቦታ ነው የተማረችው፣ እዛ ሚያሳፍረው አለማጥናት ነው፣ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ሚላላኩት ጥያቄ ነው። ጭንቅላቷ ከኔ ይበልጣል ብዬ አላስብም፣ የዋለችበት ግን ሌላ ነበር። ገንዘቡን ከቻልሽው እህቴ አትሳሺ፣ ያ ልጅ ሌላ 12ኛ ክፍል የለውም።


የሒሳብ መምህር

ወንድሜ አዋዋል ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርህም፣ ግን ቁጥሩን ስናይ በሩ ላይ ማን እንደገባም እንይ። ሙሉ በሙሉ ካሳለፉት ውስጥ ብዙዎቹ በመግቢያ ፈተና መርጠው ነው ሚያስገቡት፣ ሲገቡም የተሻሉ ልጆች ናቸው፣ አዳሪ ከሆኑ ደግሞ ምግቡም ጥናቱም ላይብረሪውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈር የመንግስት ትምህርት ቤት ግን ከ8ኛ ያለፈውን ሁሉ ነው ሚቀበለው፣ መቀበልም አለበት። ስለዚህ ፐርሰንቱ ስለ ማስተማሩ ሚነግርህን ያህል ስለ አመራረጡም ይነግርሃል።

የግሎቹም ያው ናቸው፣ ሁሉም አይደሉም ግን ባነር ስታዪ እህቴ ሶስት ነገር ጠይቂያቸው። ስንት ልጅ አስፈትናቹ ስንት አለፈ (40 አስፈትኖ 30 ማሳለፍና 400 አስፈትኖ 30 ማሳለፍ ለየቅል ነው፣ ፎቶው ላይ ግን እኩል 30 ፊት ነው)። ከዛ ያለፉት ልጆች ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ እናንተ ጋር ነበሩ በያቸው፣ ከኬጂ ጀምሮ እዛው በእንግሊዝኛ የተማረን ልጅ ውጤት አይተሽ በ12 የገባው ወንድምሽም እንደዛ ይሆናል ማለት አይቻልም። መጨረሻ ላይ 9ኛ ላይ የነበሩት ልጆች ስንቶቹ 12 ደረሱ፣ ደከም ያሉትን ቀስ አርገው ወደ ሌላ ቦታ ሚሸኙ አሉ።

12ኛ ላይ መቀየር ራሱ ዋጋ አለው። አዲስ መምህር፣ አዲስ ጓደኛ፣ ምዕራፍ ላይ ሚቀድሙት ወይ ሚቀድማቸው፣ ህዳር እስኪደርስ ልጁ ቦታውን ሲፈልግ ያልቃል። 9 ወይ 10 ላይ ብትጠይቂኝ ሌላ መልስ እሰጥሽ ነበር።


ፍሬሽ ነኝ

ሰላም፣ እኔ 2017 ነው የተፈተንኩት፣ ከመንግስት ትምህርት ቤት፣ አልፌ አሁን ፍሬሽማን ነኝ። በሞዴል ፈተና ላይ ካንቺ ወንድም ብዙም አልሻልም ነበር ስለዚህ በደንብ ነው ሚገባኝ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይሄ ነው። ናቹራል 6 ትምህርት ነው ሚፈተነው፣ እንግሊዝኛ ሒሳብ አፕቲትዩድ ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮ፣ ከ600። ማለፊያው 300 ነው። የወንድምሽ 39 ማለት 234 ነው፣ የጎደለው 66 ማርክ ነው፣ በየትምህርቱ 11 ማለት ነው። እኔ ይሄን ሒሳብ ስሰራው ነው ትንሽ እንቅልፍ የወሰደኝ፣ ምክንያቱም "50 አላመጣም" ሲባል ተራራ ይመስላል "በየትምህርቱ 11" ሲባል ግን ምጀምርበት ቦታ ታየኝ።

ሁሉም ልጅ ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ሲሞት እንግሊዝኛና አፕቲትዩድን ይረሳል፣ ሁለቱ ግን 200 ናቸው እኮ! አፕቲትዩድ መጽሐፍ የለውም፣ እኛ ት/ቤት ፔሬድም አልነበረውም፣ ስለዚህ ማንም አያስተምርህም፣ ግን በልምምድ ቶሎ ሚጨምረው እሱ ነው። አናሎጂ፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ አጭር ፓራግራፍ አንብቦ ምን ይከተላል ሚል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስራት ነው። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ፓሴጅ ሲረዝም ልጁ ዘሎት ይሄዳል፣ እኔም እዘለው ነበር፣ ግን ፓሴጁ ስር ብዙ ጥያቄ ነው ያለው። ጥያቄውን መጀመሪያ አንብቦ ከዛ ፓሴጁን እየፈለገ ማንበብ ይልመድ።

ሌላው ቴሌግራም ላይ ሚዞረው የመልስ ቁልፍ ብዙው የተሳሳተ ነው፣ በጣም ተጠንቀቁ። ጥያቄው እውነተኛ ይሆናል መልሱን ግን ማን እንደሰራው አይታወቅም። እኛ አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ላይብረሪ እንገናኝ ነበር (4 ኪሎ አይደል ሰፈራቹ፣ እድለኞች ናቹ፣ ጠዋት ካልገባቹ ግን ቦታ አይገኝም፣ ካልተመቸ ወመዘክርም አለ)፣ እና መልሱ ላይ አራታችን ካልተስማማን ቲቸር ጋር ይዘን እንሄድ ነበር። በጣም የጠቀመኝ እሱ ክርክር ነው፣ ለምን ሲ ሆነ ብዬ ጓደኛዬን ለማሳመን ስሞክር ነው የገባኝ።

እና ኦንላይን መፈተን ሊመጣበት ይችላል፣ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ ቁጥሩም እየጨመረ ነው። እኔ በኮምፒውተር ነው የተፈተንኩት። ስክሪን ላይ ጥያቄ እያየህ ወረቀት ላይ መስራት መጀመሪያ ግር ይላል፣ ጓደኛዬ በማውሱ ምክንያት ብዙ ደቂቃ አባክኗል። ኢንተርኔት ቤት ገብቶም ቢሆን ይለማመድ።


የሦስት ልጆች እናት

ልጄ እግዜር ይስጥሽ ለወንድምሽ እንዲህ ምትጨነቂ። እኔ እናት ነኝ፣ ትልቋ ልጄ አምና ነው 12 የጨረሰችው። የተማረ ሰው አይደለሁም ግን ያየሁትን ልንገርሽ።

እኛ ካዛንቺስ ነበርን፣ ሰፈሩ ሲነሳ ገላን ጉራ ደረሰን። ልጅቷ ከመምህሮቿና ከጓደኞቿ አትለይ ብዬ እዛው መሀል ከተማ እንድትጨርስ አረኩ። በሌሊት ተነስታ ነው ምትወጣው፣ ማታ ደክሟት ትመጣና እራቷን እየበላች ታንቀላፋለች፣ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ተከፍቶ። ይሄን ምልሽ ወንድምሽ በእግሩ ትምህርት ቤት መድረሱ ብቻውን ትልቅ ሀብት እንደሆነ እንድታውቂው ነው። ያ የግል ትምህርት ቤት ከሩቅ ከሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሚያልቀውን ሰዓትም አስቢው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ልጆች 2012 ላይ ኮሮና ሲመጣ 6ኛ ክፍል ነበሩ አይደል? የኔ ሁለተኛዋም ከነሱ እኩል ናት። መጋቢት ላይ ትምህርት ተዘጋ፣ ቤት ቁጭ ብለው ወደ 7 ተዛወሩ፣ 7ኛ ሲገቡ ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛ የነበረው ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ፣ እሱንም በፈረቃ አንድ ቀን ገብተው አንድ ቀን ቀርተው ነው የተማሩት። ከዛ አዲሱ መጽሐፍ መጣ ተባለ፣ እስኪዳረስ ድረስ በስልክ ነው ያነበቡት፣ ስልክ የሌለውስ? ልጆቹ ላይ የደረሰውን ሳስበው አንጀቴ ነው ሚላወሰው። እና ልጁ ሰነፍ ነኝ ብሎ እንዳያስብ። ጎደለበት እንጂ አልሰነፈም በይው።

ገንዘቡን ካገኘሽ ደህና አስጠኚ ያዢለት፣ ቁርሱን በደንብ ይብላ፣ በጊዜ ይተኛ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለፈተና ስትገባ ከእውቀቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የጎዳት፣ ከኔ ተለይታ አድራ አታውቅም ነበር። 50 አልሞላላትም፣ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርቱ) ደርሷት አሁን እየተማረች ነው፣ ተስፋ አልቆረጥንም።


የአራዳዋ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እናቴ የርስዎን ሳነብለት እንባው መጣ፣ "ጎደለበት እንጂ አልሰነፈም" ያሉትን ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ። ልጅዎትንም ይርዳልን።

መምህር እንዳሉኝ ወረቀቱን ይዘን ቁጭ ብለን ሰራነው፣ ሁለት ማታ ፈጀብን። የገረመኝን ልንገርዎት። ጭራሽ አላውቀውም ያለው እኔ እንዳሰብኩት ብዙ አይደለም። ትልቁ ክምር መሀለኛው ነው፣ ጀምሮ የተበላሸበት። አንዱን የፊዚክስ ጥያቄ ፎርሙላውን በትክክል ጽፎታል፣ ከዛ ክፍልፋዩን ሲያገላብጥ ተሳስቷል። ሌላ ቦታ ስኩዌር ሩት ሲያወጣ። ኬሚስትሪ ላይ ሞል ሲያሰላ ግራሙን በሊትር አካፍሎታል። "ይሄ የስንተኛ ክፍል ትምህርት ነው?" ስለው "የ9 እና የ10" ይላል፣ አንዳንዱን እንዲያውም "የ7 ነው መሰለኝ" ብሎ አፈረ። የርሶዋንም የሎግ ጥያቄ ሰጠሁት፣ 4 እና ኔጌቲቭ 2 ብሎ ቁጭ! ከዛ መልሱን ሳሳየው ራሱን ይዞ ሳቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሲስቅ ያየሁት።

ሳያነብ የሳተው ደግሞ እንግሊዝኛና ባዮ ላይ በዝቷል፣ "የትኛው አይደለም" ሚለውን "የትኛው ነው" ብሎ ነው ሚመልሰው።

የግሉ ትምህርት ቤትም ሄጄ ያሉኝን ሶስት ጥያቄ ጠየኳቸው። የመጀመሪያውን መለሱልኝ፣ ሌሎቹን ግን ባነሩን እያሳዩኝ አለፉት። እና ለመቅረት እያዘነበልኩ ነው፣ ግን የመርካቶው ወንድሜ ያለው አዋዋል ነገር እውነት ስለሆነ እሱ ነው ሚያሳስበኝ። አስጠኚ ብይዝለትስ ምን አይነት ሰው ልፈልግ? የ12ን ነው ሚያስጠናው ወይስ ወደ ኋላ ተመልሶ?


የመርካቶ ልጅ

ሁለቱን ጥያቄ ካለፏቸው እኔም ሃሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አትቀይሪው። ግን አዋዋሉን ችላ አትበዪው። ፍሬሽዋ እንዳለችው ሶስት አራት ሚያጠኑ ልጆች ከክፍሉ ይፈልግ፣ 60 ልጅ ውስጥ አይጠፉም። ቤትሽ ቦታ ካለ እዛ ይሰብሰቡ፣ ሻይ አፍይላቸው።


የሒሳብ መምህር

በጣም ጥሩ ሰርታችኋል፣ ይሄን አርገው ሚመጡልኝ ወላጆች ጥቂት ናቸው።

መሀለኛው ክምር ትልቅ መሆኑ ጥሩ ዜና ነው። ትምህርቱ ውስጡ አለ፣ እጁ ነው ያልፈታው። ስለዚህ አስጠኚ ስትይዢ "የ12ን ቀድሜ እጨርስለታለሁ" ሚልሽን አትያዢ፣ 12ን ክፍል ውስጥ ይማረዋል። ምትፈልጊው የ9 እና የ10 መጽሐፍ ከፍቶ ክፍልፋይ፣ ፋክተሪንግ፣ ኢኩዌሽንና ኢንኢኳሊቲ፣ ግራፍ፣ ዩኒት መቀየር ሚያሰራውን ሰው ነው። እነሱ ከተስተካከሉ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም አብሮ ይነሳል፣ ፊዚክስ ላይ ከሳታቸው ውስጥ የሒሳብ ስህተት እንዳለ አይተሻል። ውድ አስጠኚም አያስፈልግም፣ 6 ኪሎ ወይ 5 ኪሎ ካምፓስ ሚማር ታታሪ ልጅ በቂ ነው፣ እንደውም ፈተናውን በቅርብ ስለወሰደው ይሻላል። ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ሲያስጠና እዪው። እሱ ብቻ እያወራ ወንድምሽ ሚገለብጥ ከሆነ ቀይሪው። ወንድምሽ እስክሪብቶ ይዞ እሱ ዝም ብሎ ሚያይ ከሆነ ያዢው።

አካሄዱን በተመለከተ እስከ ገና ድረስ ፈተና መፈተኑን ተዉትና ኋላ የቀረውን ይሙላ። ከገና በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ሙሉውን፣ ሰዓት ይዞ፣ ስልክ አንቺ ጋ ሆኖ። ውጤቱን ከመጻፍ ይልቅ ሶስቱን ክምር ይጻፍ፣ መሀለኛው እያነሰ ሲሄድ ራሱ ያየዋል። ግንቦት ላይ አዲስ ነገር እንዳይጀምር።

ሳያነብ ለሚስተው ደግሞ ቀላል መላ አለ። "አይደለም"፣ "በስተቀር" ሚሉትን ቃላት ባየ ቁጥር ወረቀት ከሆነ ያክብበው፣ ስክሪን ከሆነ መስሪያ ወረቀቱ ላይ "አይ" ብሎ ይጻፋት። ተማሪዎቼን ሳስለምዳቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዛ ግን ይለምዱታል። ያልሰራውንም ጥያቄ ባዶ ትቶ እንዳይመጣ፣ ለተሳሳተ መልስ ማርክ አይቀነስም፣ ሁለቱን ምርጫ ማስወገድ ከቻለ ደግሞ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ትምህርት ቤቱ ያን ፈተና ስልክ ሰብስቦ አራርቆ መፈተኑን ግን በጣም ነው የወደድኩት። ወላጅ ስብሰባ ስትሄጂ አመስግኛቸውና በየወሩ እንዲያረጉት ጠይቂ፣ ከቻልሽ ሌሎች ወላጆችንም ይዘሽ። አንድ መምህር ብቻውን ሲጠይቅ ወረቀትና ማባዣ የለም ነው ሚባለው፣ ወላጆች ተሰብስበው ሲጠይቁ ግን ወረቀቱ ሲገኝ አይቻለሁ።


ፍሬሽ ነኝ

የአራዳዋ፣ እኔ የሰራሁባቸው የእንግሊዝኛና የአፕቲትዩድ ጥያቄዎች አሉ፣ አራታችን ተከራክረን መልሱን ያስተካከልናቸው፣ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨሩ ናቸው ግን ይነበባሉ። ቅዳሜ ጠዋት አብርሆት ነኝ፣ ወንድምሽን ላኪውና ኮፒ አስደርጎ ይመልስልኝ። ጓደኞቹንም ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል።


የአራዳዋ እህት

ይመጣል፣ እኔም አብሬው እመጣለሁ። ከክፍሉ ሁለት ልጆች አሁኑኑ ደውሎ ጠይቋል፣ አንዷ ሒሳብ ላይ ከሱ ትሻላለች አለኝ፣ ለሷም ኮፒ እናስደርግላታለን።